ከፍራንክፈርት ቅዳሜ ጠዋት፦ ቅያሪ፣ ወረቀትና የተዘጋ እሁድ

ጀርመን አገር የሚኖር ሐበሻ ቅዳሜና እሁድን የት ላሳልፍ ብሎ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው ካርታ ነው። ከፍራንክፈርት ሲነሱ ሉክሰምበርግ ቅርብ ነው፣ ስትራስቡርግ ቅርብ ነው፣ ባዝልም ቢሆን ያን ያህል አያስፈራም። በርካሹ የክልል ባቡር ለሚሄድ ሰው ግን ኪሎ ሜትሩ ብዙ አይነግረውም። ቀድሞ መታየት ያለበት የቅያሪው ብዛት ነው። አንዴ ብቻ የሚቀየርበት የአራት ሰዓት ተኩል መንገድ፣ ሦስቴ ከሚቀየርበት የሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ ይሻላል። የመጀመሪያው ባቡር ስምንት ደቂቃ ዘገየ እንበል። ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ስድስት ደቂቃ ከነበረ ቀጣዩ ሄዷል። የክልል ባቡር ደግሞ በብዙ መስመር የሚመጣው በሰዓት አንዴ ነው፤ በሁለት ሰዓት አንዴ የሚመጣም አለ። ስምንቷ ደቂቃ ሳይታሰብ ሁለት ሰዓት ትበላለች።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዶይችላንድ ቲኬት በሜይ 2023 ሲጀመር በወር 49 ዩሮ ነበር። በ2025 መግቢያ 58፣ በ2026 መግቢያ ደግሞ 63 ዩሮ ሆነ። ኤስ ባን (የከተማና የዳርቻ ባቡር)፣ ኡ ባን (የምድር ውስጥ ባቡር)፣ ትራም፣ የከተማ አውቶቡስ፣ እንዲሁም ኤርቤ እና ኤርኤ የሚባሉት የክልል ባቡሮች በመላው ጀርመን በዚሁ ቲኬት ይሄዳሉ። ኢሴኤ፣ ኢሴ እና ኤሴ የሚባሉት የረጅም ርቀት ባቡሮች ግን አይካተቱም። ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ቲኬት አያስፈልጋቸውም።

ቲኬቱ በየወሩ በራሱ የሚታደስ ውል መሆኑን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ገንዘቡ ከባንክ ሲቆረጥ ነው። ለማቆም የሚፈልግ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ድረስ መሰረዝ አለበት። በ11ኛው ቀን የሰረዘ ሰው የሚቀጥለውንም ወር ይከፍላል። ለኡርላውብ (ለዓመት ዕረፍት) አንድ ወር ሙሉ አዲስ አበባ የሚከርም ሰው በረራውን እንደቆረጠ ይህንንም አብሮ ቢጨርስ ይሻለዋል። ሠራተኛ የሆነ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ጆብቲኬት፣ ማለትም አሠሪው ከፊሉን የሚከፍልለት ቲኬት፣ እንዳለው ይጠይቅ። አሠሪው ቢያንስ 25 ከመቶውን ከሸፈነ በላዩ ላይ ሌላ 5 ከመቶ ይቀነሳል።

ቲኬቱ በስም ነው፤ ለወንድምም ለጓደኛም አይዋስም። ተቆጣጣሪው ስልኩን ካየ በኋላ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ሊጠይቅ ይችላል። ባትሪው ያለቀበት ስልክ እንደሌለ ቲኬት ይቆጠርና የ60 ዩሮ ቅጣት ይጻፋል። እዚህ ጋ ተስፋ አይቆረጥም። በስም የተገዛ ቲኬት ያለው ሰው በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሄዶ ቢያሳይ ቅጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 7 ዩሮ ይወርዳል። የተጻፈለትን ወረቀት ብቻ እንዳይጥል።

መንገድ ሲፈለግ ዲቢ ናቪጌተር በሚባለው የጀርመን ባቡር ድርጅት አፕ ላይ ሁለት ነገር ማስተካከል ይበቃል። አንደኛው በዶይችላንድ ቲኬት የሚሄዱትን ባቡሮች ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ነው፤ ካልሆነ የማይፈቀድ ኢሴኤ መሀል ይገባል። ሁለተኛው የመቀየሪያ ጊዜውን ቢያንስ 15 ደቂቃ ማድረግ ነው። አፑ በራሱ ከተተወ የአምስትና የስድስት ደቂቃ ቅያሪ ያቀርባል። እንዲህ ያለው ቅያሪ ለወጣትና ለባዶ እጅ ይሆናል፤ ጋሪ ለሚገፋና ሻንጣ ለያዘ አይሆንም። የፍራንክፈርት ዋና ጣቢያ ራሱ ጊዜ ይበላል። ኤስ ባኑ የሚቆመው ከመሬት በታች ከ101 እስከ 104 ባሉት መስመሮች ሲሆን የክልል ባቡሮቹ የሚነሱት ላይ ከ1 እስከ 24 ካሉት ነው። ከታች ወጥቶ፣ አዳራሹን አቋርጦ፣ ባቡሩ ጫፍ ድረስ ለመድረስ አሥር ደቂቃ መያዝ ቅንጦት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅዳሜ ከሰዓት 15፡30 የቡንደስሊጋ ጨዋታ አለ። ከጨዋታው በፊትና በኋላ ወደ ፍራንክፈርትና ወደ ማይንዝ የሚሄዱት ባቡሮች በደጋፊ ይሞላሉ፤ መቆሚያም ይጠፋል። ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው የጨዋታ ፕሮግራሙን ከአየር ትንበያው ጋር አብሮ ቢያይ አይጸጸትም።

አሁን ወደ መንገዶቹ። ለእኔ ከፍራንክፈርት ተነስቶ በዚህ ቲኬት ከሚደረስባቸው ሁሉ የሚበልጠው የሉክሰምበርጉ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነገር አንድ ላይ ይገጥማል። ዶይችላንድ ቲኬት እስከ ድንበሩ ያደርሳል፤ ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ ሉክሰምበርግ ከማርች 2020 ጀምሮ የሕዝብ መጓጓዣዋን በሁለተኛ ማዕረግ ነጻ አድርጋለች። ድንበሩ ላይ ካለው ከቫሰርቢሊግ ጣቢያ በኋላ ባቡሩም፣ ትራሙም፣ አውቶቡሱም አይከፈልበትም። ከቤት እስከ ሉክሰምበርግ ከተማ ያለተጨማሪ ወጪ ይደረሳል ማለት ነው። አንደኛ ማዕረግ ብቻ በክፍያ ነው፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ በፊት በሩ ላይ ያለችውን ቁጥር ማየት ነው።

መንገዱ በኮብሌንዝ በኩል ነው። ከፍራንክፈርት ኤርኤ 2 በማይንዝ አልፎ በራይን ግራ ዳርቻ ወደ ኮብሌንዝ ይወርዳል። በዚህ አቅጣጫ ለሚሄድ ወንዙ በቀኝ በኩል ስለሆነ በቀኝ መስኮት መቀመጥ ነው። ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለው ሸለቆ በ2002 የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ካውብ ላይ ወንዙ መሀል ደሴት ላይ የቆመ ግንብ ይታያል፤ ትንሽ ቆይቶ ማዶ 132 ሜትር ከፍታ ያለው የሎረላይ ቋጥኝ ይመጣል። ጎብኚ ከፍሎ በመርከብ የሚያየውን ተሳፋሪው ቁርሱን እየበላ ያየዋል።

ኮብሌንዝ ላይ ቅያሪ አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ከኮብሌንዝ ወደ ትሪር የሚሄደው ባቡር ሁለት ባቡር ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። አንዱ ኤርኤ 11 ይባላል፤ መድረሻው ሉክሰምበርግ ነው። ሌላው ኤርኤ 1 ሲሆን በዛርብሩከን በኩል ወደ ማንሃይም ይሄዳል። ሁለቱ እስከ ትሪር አብረው ይጓዛሉ፤ ትሪር ላይ ይላቀቃሉ። ውስጥ ለውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም። መለያው ቀላል ነው፦ የሉክሰምበርጉ ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን የዛርብሩከኑ ቀይና ባለ አንድ ፎቅ ነው። ሲሳፈሩ በሩ አጠገብ ያለውን መድረሻ ማንበብ ይበቃል። ማስታወቂያው «ፎርደረር ጹግታይል» ካለ የፊተኛው፣ «ሂንተረር ጹግታይል» ካለ የኋለኛው ክፍል ነው። በስህተት የገባ ሰው ትሪር ላይ ሁለቱ እስኪላቀቁ ያሉትን ደቂቃዎች ተጠቅሞ ወርዶ፣ በመድረኩ ሄዶ መቀየር ይችላል። ያኔ እንቅልፍ ከወሰደው ግን የሚነቃው ዛርብሩከን ነው።

ባለ ሁለት ፎቁ ላይ ላይኛው ወለል ይሻላል። ከኮብሌንዝ እስከ ኮኸም የሞዘል ወንዝ በግራ በኩል ይሄዳል፤ ተዳፋቱ ሁሉ የወይን እርሻ ነው። ከኮኸም ቀጥሎ ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ አለ። ከዋሻው ወጥቶ ባቡሩ ቡላይን አልፎ ወንዙን ሲሻገር ድልድዩ ራሱ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ከላይ ሐዲድ፣ ከታች የመኪና መንገድ።

በአጠቃላይ ከፍራንክፈርት ሉክሰምበርግ አንድ ቅያሪና ወደ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ደርሶ መልሱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ በአንድ ቀን ማድረጉ ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም። የተሻለው አርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ትሪር ማደር ነው። አልጋ ከሉክሰምበርግ ይረክሳል፤ ፖርታ ኒግራ የሚባለው የሮማውያን በር ከጣቢያው በእግር ይደረሳል፤ በማግስቱ ሉክሰምበርግ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ነው። እዚያ ደርሶ ከጣቢያው በትራም ወደ ላይኛው ከተማ መውጣት፣ በድሮው ምሽግ ግንብ ላይ መሄድ፣ ከዚያ በመስታወቱ ሊፍት ወደ ፋፈንታል መውረድ፣ ከታች ደግሞ በገመድ በሚጎተተው ባቡር ወደ ኪርሽበርግ መውጣት ነው። ሊፍቱም ባቡሩም ነጻ ናቸው። ልጆች ከግንቡ ይልቅ የሚወዱት እነዚህን ነው።

ስትራስቡርግ ቅያሪው ይበዛል። በማንሃይም ወይም በካርልስሩኸ፣ ከዚያ በኦፈንቡርግ አድርጎ ኬል ይደረሳል። ኬል የጀርመን የመጨረሻዋ ከተማ ናት። ከጣቢያዋ አጠገብ ከ2017 ጀምሮ ራይንን የሚሻገረው የስትራስቡርግ ትራም ዲ መስመር ይነሳል። ለዚህ የስትራስቡርግ ቲኬት ለብቻ ይገዛል፤ ወረቀት ከሆነ ትራሙ ውስጥ ሳይገቡ መድረኩ ላይ ባለው ማሽን ይመታል። ጀርመን ውስጥ በአፕ መሄድ የለመደ ሰው ይህን ይረሳል፤ ያልተመታ ቲኬት ደግሞ እንዳልተገዛ ነው። የአየሩ ሁኔታ ጥሩ ከሆነ የእግረኞቹን ድልድይ አቋርጦ ፈረንሳይ መግባት ከሁሉ ይሻላል። ምግብ ቤት ውስጥ ውሃ ሲጠየቅ በፈረንሳይ የቧንቧ ውሃ በጠርሙስ በነጻ ይቀርባል፤ ጀርመን ላይ የሚቀርበው የሚከፈልበት ነው።

ባዝልን በክልል ባቡር መሞከር ከአምስት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ቀድሞ የኢሴኤ ቅናሽ ቲኬት መግዛት ይሻላል። ዶይችላንድ ቲኬት ባዝል ባዲሸር ባንሆፍ እስከሚባለው ጣቢያ ድረስ ይሠራል እንጂ ከዚያ ወዲያ አይሠራም። ከባቡሩ የበለጠ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ስዊዘርላንድ ሼንገን ውስጥ ብትሆንም የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። በኅብረቱ አገሮች ከጁን 2017 ጀምሮ የስልክ ዳታ እንደ አገር ቤት ይቆጠራል፤ ስዊዘርላንድ ግን በዚህ ሕግ አልተካተተችም። ስልኩ ድንበሩ አጠገብ ሲደርስ ሳይጠይቅ የስዊስ ኔትወርክ ይይዛል። ስለዚህ ከፍራይቡርግ በኋላ ሮሚንግ መዝጋትና ካርታውን ቀድሞ ማውረድ ነው። በካርድ ሲከፈል ማሽኑ «በዩሮ ወይስ በፍራንክ?» ብሎ ከጠየቀ ፍራንኩን መምረጥ ነው፤ ዩሮውን የመረጠ ሰው የሚከፍለው ማሽኑ ባወጣው ምንዛሪ ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። የጀርመን የጤና መድን ካርድ ጀርባው የአውሮፓ የጤና ካርድ ነው፤ ድንገት የታመመ ሰው ፈረንሳይም ሆነ ሉክሰምበርግ ሐኪም ቤት ይሄድበታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ግን ይህ ካርድ በስዊዘርላንድ፣ በዴንማርክ፣ በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በሊክተንስታይን አይሠራም። ስደተኛነታቸው እውቅና ያገኘ ወይም የአውሮፓ ዜጋ የቤተሰብ አባል የሆኑ ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው። ሌላው ግን ባዝል ሄዶ ቁርጭምጭሚቱ ቢወልቅ ሂሳቡ የራሱ ነው፤ የጉዞ የጤና መድን አስቀድሞ ይገዛ።

ወረቀትን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው፤ የሚረሳው ግን በጣም ብዙ ነው። የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ወደ ሌሎች የሼንገን አገሮች ያለ ቪዛ መሄድ የሚችለው ካርዱንና ያልተቃጠለ ፓስፖርቱን ሁለቱንም ይዞ ነው። ካርዱ ብቻውን አይበቃም፤ የፓስፖርት ፎቶ ኮፒ ደግሞ ፓስፖርት አይደለም። በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከጀርመን ውጭ የሚፈቀደው 90 ቀን ነው፤ የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል። ለቅዳሜና እሁድ ተጓዥ ይህ አያሰጋም። በየሳምንቱ ሳያቋርጥ ከአርብ እስከ እሁድ ቢወጣ እንኳ በ26 ሳምንት 78 ቀን ነው።

የሚያሰጋው ፈቃዱ ሲያልቅ ነው። አዲሱ ካርድ እስኪወጣ ድረስ የሚሰጠው ወረቀት ፊክሲዮንስ በሻይኒጉንግ ይባላል። ሰው ሁሉ «ፊክሲዮን አለኝ» ይላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ 3ኛ ገጽ ላይ ሦስት ሳጥኖች አሉ። የቀድሞው ፈቃድ እንደጸና ይቆያል የሚለው ሦስተኛው ሳጥን ምልክት ከተደረገበት ከፓስፖርትና ከአሮጌው ካርድ ጋር መጓዝ ይቻላል። ምልክቱ ያለው አንደኛው ወይም ሁለተኛው ላይ ከሆነ ግን ከጀርመን የወጣ ሰው በዚህ ወረቀት ተመልሶ መግባት አይችልም። ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ገጹን ገልጦ ማየት ነው። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ወይም ዱልዱንግ (ከአገር መባረሩ ለጊዜው የታገደለት ሰው የሚሰጠው ወረቀት) የያዘ ሰው ደግሞ ድንበር መሻገር የለበትም። አየርላንድና ቆጵሮስ የኅብረቱ አባል ቢሆኑም ሼንገን ውስጥ አይደሉም፤ ለንደንም የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች።

ጀርመን ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር ስለጀመረች መልስ ላይ ፖሊስ ባቡር ውስጥ ይገባል። በአውቶቡስ ከሆነ ሁሉም ሰው እስኪታይ ይቆማል። ለዚህ ነው እሁድ ማታ የመጨረሻውን ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ያለውን ባቡር መያዝ የሚገባው።

ከመውጣት በፊት ቤቱም አለ። እሁድ ጀርመን ውስጥ ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜን መንገድ ላይ የሚያሳልፍ ሰው አስቤዛውን አርብ ማታ ካልጨረሰ ሰኞ ጠዋት ባዶ ፍሪጅ ይጠብቀዋል፤ የሚቀረው የትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ሱቅ ነው፣ እሱም ውድ ነው። በክረምት ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ቁጠባ ይመስላል። ግድግዳው ከቀዘቀዘ በኋላ ግን እርጥበት ይይዛል፣ ጥጉ ላይ ሻጋታ ይጀምራል። የማሞቂያው ቁልፍ ላይ 3 ማለት ወደ 20 ዲግሪ፣ 2 ማለት ወደ 16 ዲግሪ ነው። ለሁለት ቀን 2 ላይ መተው ይበቃል።

የእኛ ቤት ከጀርመኑ ቤት የበለጠ እርጥበት እንደሚያወጣም ማወቅ ያስፈልጋል። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ከምጣዱ የሚወጣው እንፋሎት መስኮቱን ያላብሰዋል። ከጋገራ በኋላ መስኮቶቹን ወለል አድርጎ ከፍቶ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ማናፈስ ነው። መስኮቱን በላይ በኩል ዘንበል አድርጎ ሙሉ ቀን መተው ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ አየሩ ብዙም ሳይለወጥ በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ግድግዳ ይቀዘቅዛል። እንደዚያ ተከፍቶ ለጉዞ መሄድ ደግሞ ሌባ ከገባ ከመድን ድርጅቱ ጋር ያጨቃጭቃል። ቡና የሚቆላበትም መስኮት አጠገብ ይሁን። የጭስ ማስጠንቀቂያ በሁሉም የጀርመን ክልሎች በመኖሪያ ቤት ግዴታ ነው፤ እሱም ቡናና ዕጣን ከእሳት አይለይም።

ጠርሙስ ይዞ መመለስም ትርፍ የለውም። ጀርመን ላይ የላስቲክ ጠርሙስና ቆርቆሮ 25 ሳንቲም ፋንድ (ባዶው ሲመለስ የሚመለስ መያዣ) አላቸው፤ ሉክሰምበርግ ወይም ፈረንሳይ የተገዛውን ግን የጀርመን ማሽን አይቀበለውም።

ባቡር ሲዘገይ የሚከፈለው ካሣ በቲኬቱ ይለያያል። በቅናሽ ኢሴኤ የሄደ ሰው መድረሻው ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ በዚያው ባቡር መታሰሩ ይቀራል፤ ሌላ ባቡር መያዝ ይችላል። 60 ደቂቃ ከዘገየ የዋጋው 25 ከመቶ፣ 120 ደቂቃ ከሆነ 50 ከመቶ ይመለሳል። የዶይችላንድ ቲኬት ባለቤት የሚያገኘው ለእያንዳንዱ የ60 ደቂቃ መዘግየት 1.50 ዩሮ ብቻ ነው። ከ4 ዩሮ በታች የሆነ ደግሞ አይከፈልም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መዘግየቶች ቀንና የባቡር ቁጥራቸውን መዝግቦ ማስቀመጥ፣ ሦስተኛው ሲመጣ ሦስቱንም በአንድ ማመልከቻ አስገብቶ 4.50 ዩሮውን መቀበል ነው።